የሽታዬ ጣሳ

አመዱ ከመውረዱ በፊት ሐዋሳን የሚያውቅ ሰው ሁሉ አንድ የሚናፍቀው ነገር አለው። አንዱ አመሻሽ ላይ በፍቅር ሐይቅ ዳር መንሸራሸሩን ያነሳል፤ ሌላው በአሞራ ገደል ቆሞ የሚጠጣውን ትኩስ የዓሣ ሾርባ፤ ሌላው ደግሞ በሰፊው አስፋልት ላይ ብስክሌት እየነዱ ከትምህርት ቤት የሚመለሱትን ልጆች ጫጫታ። ሽታዬ ደምሴ ግን ከሁሉ አብልጣ የምትናፍቀው አባ ኮዳዎቹን ነበር። እነዚያ ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች፣ ካፖርቱን ደርቦ ልቅሶ እንደመጣ ሽማግሌ በየጣሪያው ላይ የሚቆሙት፣ ከሐይቁ ማዶ ያሉት ኮረብቶች ባጓሩ ዕለት ተነስተው ሄዱ፤ አልተመለሱምም። «እነሱ እንኳ ቀድመው ገባቸው፤ ሞኞቹ እኛ ነን የቀረነው» ትል ነበር ሽታዬ።

በዚያ ዕለት ምድር ተናወጠች፤ ሰማይ በቀን ጠቆረ፤ አመድ እንደ ዝናብ ወረደ። ጣሪያዎች ከክብደቱ የተነሳ ተደረመሱ። መኪኖችና ባጃጆች ሞተራቸው ታፍኖ በየመንገዱ ቆመው ቀሩ። መብራት ጠፋ፤ ስልክም ዝም አለ። መጀመሪያ ሰሞን እርዳታ ይመጣል ተባለ፤ ቆይቶ ወሬውም ቀረ። እግር ያለው እየተነሳ ሄደ፤ የቀረው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሰው ዘመኑን «ከአመዱ በፊት»፣ «ከአመዱ በኋላ» እያለ ይቆጥር ጀመር።

ከፒያሳ ወደ ሐይቁ ሲወርዱ ባለው በእነሽታዬ ሰፈር ሳይፈርስ የቀረ አንድ ነገር ቢኖር እድሩ ነበር። ሙታንን ለመቅበር የተቋቋመው እድር ሕያዋንን ማኖር ያዘ። ድንኳኑ የአመድ መከለያ ሆነ፤ ለሠርግና ለተዝካር ወጥ ይሠራባቸው የነበሩት ትልልቅ ድስቶች የውሃ ማጠራቀሚያ ሆኑ፤ ጡሩምባውም ለቀብር መነፋቱ ቀርቶ ጠዋት ጠዋት ለውሃ ይነፋ ጀመር።

ውሃው ነበር ጭንቁ። የሐይቁም የጉድጓዱም ውሃ እንደ ሊጥ ውሃ ደፍርሶ ነበር። እሱን የጠጣ ሆዱ እየተነፋ ይሰቃያል። ሽታዬ የተነሳችው በዚህ ጊዜ ነው። ከአመዱ በፊት በፒያሳ ቅመማ ቅመምና የሺፈራው ቅጠል የምትሸጥበት ጠባብ ሱቅ ነበራት። ቅጠሉን ከኮንሶ የሚያመጡላት አንዲት ሴት፣ የሺፈራው ፍሬ ተፈልፍሎና ተወቅጦ በደፈረሰ ውሃ ላይ ሲበተን ጭቃውን አቅፎ ወደ ታች እንደሚወርድ አሳይተዋት ነበር። ያን ጊዜ ስቃ ነበር ያለፈችው። ቧንቧ ያለው ሰው ምን ይሁነኝ ብሎ ይህን ይማራል? ከአመዱ በኋላ ግን ከቅጠሉ ጋር መጥቶ በሱቋ ጥግ የቀረውን አንድ ጆንያ ፍሬ ተሸክማ ቤቷ አስገባች።

ሥርዓቱ እንዲህ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሙሉቀን የሚባለው ባለ ጋሪ በአህያው ከሐይቁ ውሃ በበርሜል እያመላለሰ፣ በሽታዬ ግቢ በድንኳኑ ሥር የተደረደሩትን የእድሩን ድስቶች ይሞላል። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ሽታዬ ነጠላዋን አጣፍታ ትመጣለች። አንድ የወተት ዱቄት ጣሳ አላት፤ ከዚያ በማንኪያ እየሰፈረች ትበትናለች፤ በረጅም ማማሰያ ታማስላለች፤ ክዳኑን ትደፋለች። ጠዋት ጡሩምባው ሲነፋ፣ አመዱ ከድስቱ ሥር ተኝቶ፣ ውሃው ከላይ ጠልሎ፣ ሰማይ ይታይበታል።

«ሽትዬ» ትላታለች ጎረቤቷ ሙንተሃ፣ ጀሪካኗን እየሞላች፣ «በዚህ ዓይነት ቤተ ክርስቲያኑ ጠበሉን ዘግቶ አንቺ ጋ ሊመጣ ነው።»

«አንቺ ሙስሊሟ ስለ ጠበል ምን አገባሽ?»

«ስጠማ ነዋ የሚያገባኝ!»

ሰልፉ ይስቃል። «እጅሽ ይባረክ» ይሏታል። «ሽታዬ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር» ይሏታል። እሷም ስቃ ታልፋቸዋለች እንጂ ያቺ ቃል ቀኑን ሙሉ እንደ ከረሜላ በአፏ ውስጥ ትቆያለች። አርባ ዓመት ሙሉ «የመምህር ደምሴ ትልቋ ልጅ» ነበረች፤ ከዚያም ይልቅ ብዙውን ጊዜ «የፍሬሕይወት እህት» ነበረች። በስሟ የተጠራችው ከአመዱ በኋላ ነው።

ፍሬሕይወት ታናሿ ናት። በልጅነታቸው እሑድ እሑድ እናታቸው ወይዘሮ ከበቡሽ አንድ እንቁላል ቀቅለው በክር ለሁለት ይከፍሉት ነበር። አስኳሉ ለፍሬሕይወት፤ ነጩ ለሽታዬ። «እሷ ትንሽ ናት» ይላሉ እናት። ፍሬሕይወት ግን ዩኒቨርሲቲ ገብታም ትንሽ ነበረች፤ አዲስ አበባ ባንክ ተቀጥራም ትንሽ ነበረች። አባታቸው ሽባ ሆነው አልጋ ላይ በዋሉ ጊዜ ገላቸውን ያጠበች፣ ለትዳር የጠየቃትን ሰው «አባቴን ለማን ትቼ» ብላ የመለሰች ሽታዬ ናት። ፍሬሕይወት ለቀብራቸው እንኳ አልደረሰችም፤ በማግስቱ መጣች። እናትየውም ልቅሶውን ትተው «መንገድ ደክሟታል፤ ምግብ አቅርቡላት» አሉ። ሽታዬ ያቺን ቀን በልቧ አስቀምጣ በሩን ቆለፈችባት።

ከአመዱ በኋላ በሁለተኛው ክረምት፣ በሐምሌ፣ ፍሬሕይወት ከአዲስ አበባ በእግሯ መጣች። ጫማዋ አልቆ እግሯን በጨርቅ ጠቅልላ፣ ገና ሠላሳ አምስት ሳይሞላት ጸጉሯ ግማሹ ሸብቶ፣ በሩ ላይ ቆመች።

«እታለም» አለቻት ሽታዬን። በልጅነቷ እንዲህ ነበር የምትጠራት።

ሽታዬ ገና አፏን ሳትከፍት እናትየው ከውስጥ እየተጋጩ ወጡ። «ፍሬዬ! ፍሬዬ! እኔ ልደፋልሽ!» መሬቱን ሳሙ፤ እግሯን አቀፉ። ሽታዬ ሄዳ ውሃ አቀረበች። እግሯንም አጠበች። ማጠቡን አጠበች፤ ግን ስታጥብ የምታስበው እኔ ከዚህ ቤት አንድ ቀን እንኳ ሳልጠፋ እንዲህ ተብዬ ተጠርቼ አውቃለሁ ወይ የሚለውን ነበር።

ከዚያ በኋላ እንቁላሉ መጣ። በቤቱ አንዲት ዶሮ ነበረች፤ በአመድ ዘመን ዶሮ ማለት ላም ማለት ነው። እንቁላሏ ከዚያ በፊት ለታመመ፣ ለአራስ፣ ለሽማግሌ ይሄድ ነበር። አሁን ግን ወይዘሮ ከበቡሽ በየማለዳው እየቀቀሉ ለፍሬሕይወት ይሰጡ ጀመር። ሙሉውን፤ ክር አያስፈልገውም። ማር ከተገኘ ማር። የአባታቸው ጋቢም ወደ እሷ መኝታ ተሻገረ።

«እማዬ፣ የአርባ ቀን አራስ ናት እንዴ?» አለች አንድ ቀን ሽታዬ ትዕግሥቷ አልቆ።

«ደክማለች።»

«ምን ሠርታ?»

ወይዘሮ ከበቡሽ ቀና ብለው አዩዋት፤ አንድ ነገር ሊናገሩ ብለው ተውት። «ይልቅ ጣሳሽን ሞልቼልሻለሁ» አሏት።

ፍሬውን የሚፈለፍሉትና በሙቀጫ የሚወቅጡት እሳቸው ነበሩ። ሽታዬ ጣሳውን ብቻ አንስታ ትወጣለች። ይህች ነበረች ከእናቷ እጅ የምትደርሳት ነገር፤ ስለዚህም ጣሳዋን ትወዳት ነበር።

ጥምቀት አልፎ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሽታዬ ወደ ድስቶቹ ስትሄድ እንቅፋት መታትና ጣሳው ከእጇ አምልጦ ተደፋ። ዶሮዪቱ ከግቢው ጥግ በሩጫ መጣች። ትለቅም ጀመረች። ሽታዬ ልታባርራት እጇን አንስታ በዚያው ደርቃ ቀረች። የሺፈራው ዱቄት መራራ ነው፤ ዶሮ አፏን አታስነካውም። ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ ደፍታ አይታለች፤ ቀርባ ታሸተውና ዞራ ትሄድ ነበር። ሽታዬ ቁጢጥ ብላ በጣቷ ቆንጠር አድርጋ ምላሷ ላይ አደረገች። በቆሎ ነው፤ ንጹሕ የበቆሎ ዱቄት።

የተረፈውን ሰብስባ እንደ ወትሮው በተነች፤ አማሰለች፤ ከደነች። ጎህ ሲቀድ፣ ከጡሩምባው በፊት፣ ከመኝታዋ ተነስታ በበሩ ክፍተት ወደ ድንኳኑ አየች።

እናትየው ክዳኑን ይዘው ቆመዋል። ፍሬሕይወት እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ጠቅልላ ክንዷን ውሃው ውስጥ ነክራለች። ዓይኗን ጨፍናለች። ውሃው ላይ የነበረው ግራጫ ነገር፣ ማታ ወደ በረት እንደሚገባ መንጋ፣ ከየአቅጣጫው ወደ ክንዷ ይጎርፍ ነበር። ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ የድስቱ ግርጌ ብልጭ ብሎ ታየ። ክንዷን ስታወጣው እንደ ምድጃ ድንጋይ ግራጫ ሆኖ ነበር። ብርድ እንደያዘው ሰው ጥርሷ ይንገጫገጫል። ወይዘሮ ከበቡሽ ክንዷን በነጠላቸው ጠቀለሉና ተጎንብሰው በጣቶቿ ላይ ትንፋሻቸውን እፍ፣ እፍ ይሉላት ጀመር።

ሌላ ሰው ቢሆን በውሃው ይደነቅ ነበር። የሽታዬን ልብ የወጋው ግን ያ ትንፋሽ ነው። በሕይወቷ ሙሉ እናቷ በእጇ ላይ ትንፋሻቸውን ሲሰጡ አታስታውስም። ሁለተኛው ድስት፣ ሦስተኛው ድስት፤ ከእያንዳንዱ በኋላ እፍ፣ እፍ።

በሩን በርግዳ ወጣች። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ሁለቱም ደነገጡ። እናትየው ክዳኑን አስቀመጡና «ፍልሰታ አካባቢ ነው ፍሬው ያለቀው» አሉ ቀስ ብለው። «ልነግርሽ ብዬ ነበር።»

«እንግዲያ ጣሳውን በበቆሎ የሞላሽው፣ እኔ አማስዬ እንድጫወት ነው? ለሁለት ሆናችሁ እንደ ሕፃን አታለላችሁኝ?»

«እታለም፣ እማዬን ተያት፤ እኔ ነኝ አትንገሪያት ያልኩት» አለች ፍሬሕይወት። «ከዝዋይ በታች ውሃ ጥም ሊገድለኝ ሲል ከአንድ ኩሬ በእፍኜ ዘገንኩ፤ ውሃው በመዳፌ ላይ ጠለለ። ከየት እንደመጣብኝ አላውቅም። እዚህ ስደርስ ግን ሰልፉን አየሁ። ሰው 'ሽታዬ' ሲልሽ ፊትሽ እንዴት እንደሚበራ አየሁ። ልወስድብሽ አልፈለግኩም።»

«አዘንሽልኝ በያ!» ሽታዬ ሳቀች፤ ሳቁ ግን የሳቅ አልነበረም። «ነጩን ተውሽልኝ!»

«ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል!» አሉ እናትየው። «የመሃል ከተማውን ሰውዬ ምን እንዳደረጉት ረሳሽው?»

አልረሳችውም። ያ ሰው ምድር ልትናወጥ ስትል አስቀድሞ ያውቅ ነበር፤ እየዞረ ሰውን ከቤት ያስወጣ ነበር። ሰው መጀመሪያ አመሰገነው፤ ቆይቶ ፈራው፤ በመጨረሻም የሚያናውጣት እሱ ነው አለ። አንድ ጀሪካን ውሃ አስይዘው በቡሹሎ በኩል አሳልፈው ወደ አመዱ ሰደዱት። ከዚያ ወዲያ ያየው የለም።

«እንቁላሉም ለዚህ ነው?» አለች ሽታዬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አመዱ እኮ ወደ ሰውነቷ ነው የሚገባው። ጸጉሯን አታዪም?»

«አያለሁ» አለች ሽታዬ። «በዚህ ቤት ሌላ የሚታይ ነገር መች ኖሮ ያውቃል?»

በዚያ ማለዳ ጡሩምባው ሲነፋ ሽታዬ እንደ ወትሮው በጭልፋዋ ትቀዳ ነበር። «እጅሽ ይባረክ» ባሏት ቁጥር የሚሰድቧት ይመስላት ነበር። ሙሉቀን ባለ ጋሪው ተራው ደረሰ። «ሽታዬ፣ እናቴ ሆዷን አሟት ተኝታለች» አላት። «እስቲ ዱቄቱን ጠንከር አድርጊበት። መቼም ያለ አንቺ ሰው የለንም።»

ይህች የመጨረሻዋ ቃል ናት ያገነፈለቻት። «እኔን ምን ታመሰግኑኛላችሁ?» አለች ጭልፋዋን ከድስቱ እያወጣች። «እህቴን አመስግኗት እንጂ። በየማለዳው ተነስታ እጇን ውሃችሁ ውስጥ የምትነክረው እሷ ናት።»

በቀልድ ልታደርገው ፈልጋ ነበር። ማንም ግን አልሳቀም። ሙንተሃ እንኳ አልሳቀችም። ሙሉቀን ጀሪካኑን አየ፤ ከዚያ በመስኮቱ በኩል ጋቢ ተከናንባ የተቀመጠችውን ፍሬሕይወትን አየ። ውሃውን መሬት ላይ ደፍቶ ሄደ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሽታዬ ቃሏን ተከትላ ልትመልሰው አልቻለችም፤ እውነቱን ለመናገር ቀኑን ሙሉ ልትመልሰው አልሞከረችምም። ያየሁትን ነው ያልኩት እያለች ለራሷ ስትነግር ዋለች። በማግስቱ ከሰልፉ ግማሹ ቀረ። አንዳንዱ ከሐይቁ ቀድቶ ጠጣ አሉ። ከሰዓት በኋላ፣ ያለ ሰዓቱ፣ ጡሩምባው ተነፋ። ለውሃ አልነበረም፤ ለእድር ስብሰባ ነበር።

ሰፈሩ በድንኳኑ ሥር ተሰበሰበ። የእድሩ ዳኛ አቶ መክብብ ነበሩ፤ ከአመዱ በፊት የማዘጋጃ ቤት ጡረተኛ፣ እስከዛሬም ከረባታቸውን ሳያስሩ ከቤት የማይወጡ። በአንድ በኩል ፍሬሕይወትን አስቀመጧት፤ ክንዷን በጋቢው ውስጥ ደብቃለች። ወይዘሮ ከበቡሽ ከኋላዋ ቆመዋል።

«ሙሉቀን፣ ተናገር።»

«የምናገረው አጭር ነው» አለ ሙሉቀን። «እጇን ውሃችን ውስጥ ትነክራለች። እናቴ አልጋ ላይ ናት። የዚህችን ጸጉር እዩት። እጇን ለምን ትደብቃለች? የዚያ የመሃል ከተማው ሰውዬ ዓይነት ናት። ስሙን አልጠራውም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።»

ሁሉም ያውቁት ነበር። ቃሉ በየሰዉ ምላስ ሥር ተቀምጧል፤ ማንም ግን ቡዳ ብሎ ለመጥራት የመጀመሪያው መሆን አልፈለገም። አንድ ሰው ቢጀምር ሌላው ይከተላል። ጀሪካኑም ዝግጁ ነበር፤ ሽታዬ ከጋሪው ላይ፣ ለብቻው፣ ሞልቶ ሲጠብቅ አየችው።

«ልጄ፣ ምን ትያለሽ?» አሉ አቶ መክብብ ወደ ፍሬሕይወት ዞረው።

«ውሃው የእህቴ ነው» አለች ፍሬሕይወት። «ጥበቡም የእሷ ነው። እኔ ስለ ውሃው የማውቀው ነገር የለም። ከእኔ ጋር ያላችሁ ጉዳይ ከእኔ ጋር ይለቅ፤ የእህቴን ውሃ ግን አትተዉት።»

«እንግዲያ ሽታዬን እንጠይቃለን። ሽታዬ፣ ባለ ውሃዋ አንቺ ነሽ። በሰልፉ ላይ ተናገርሽ የሚባለው እውነት ነው?»

ሽታዬ ተነሳች። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። «እውነት ነው» ብትል ሌላው በራሱ ይሄዳል። ቤቱ ይሰፋል፤ ጋቢው ይመለሳል፤ እናቷም የሚያዩት ሌላ ሰው አይኖራቸውም። ወደ እናቷ ዞር አለች። ወይዘሮ ከበቡሽ ፍሬሕይወትን አያዩም ነበር። ዓይናቸውን በሽታዬ ላይ ተክለው፣ ሳያርገበግቡ፣ እሷን ብቻ ያዩ ነበር። ስንት ዓመት የተመኘችው አስተያየት ነው! አሁን አገኘችው፤ ልመና ሆኖ ነው እንጂ።

ወደ እህቷ ዞረች። ፍሬሕይወት አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ልትሰደድ ነው፤ ነገር ግን አሁንም ነጩን ለሽታዬ ትታላት ልትሄድ ነው። ስሟን፣ ውሃዋን፣ ጥበቧን፣ ሁሉን መርቃላት። ለዘላለም ደግ ሆና፣ ለዘላለም በእናቷ ልብ ውስጥ በሕይወት ልትቀመጥ ነው! ሽታዬ ደሟ ፈላ። አይሆንም፣ በዚህ እንኳ አትበልጭኝም አለች በልቧ።

«እውነት ነው» አለች ጮክ ብላ። «እጇን ትነክራለች። እኔ ነኝ ያዘዝኳት።»

«አንቺ?» አለ ሙሉቀን።

«ታዲያ ማን ሊሆን ነው? ፍሬው እያነሰ ነው። ሲያንስ ዱቄቱ በማማሰያ ብቻ አይሠራም፤ የእጅ ሙቀት ይፈልጋል። ጎህ ሲቀድ በእጅ ይታሻል። እኔ ወገቤን ስለሚያመኝ እሷን አዘዝኳት። ክንዷን አመዱ በላው፤ ሽበቷም ከመንገድ ነው የመጣው። ከአዲስ አበባ በእግርህ ብትመጣ አንተም ትሸብት ነበር፣ ራስህ ላይ የሚሸብት ቢኖር።»

ሙሉቀን መላጣ ነበር። ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን አፍኖ ሳል አስመሰለው።

«በሰልፉ ላይ ታዲያ ለምን እንዲያ አልሽ?» አሉ አቶ መክብብ።

ሽታዬ እዚህ ላይ ማታለል አላስፈለጋትም። «ቀንቼ ነዋ፣ አቶ መክብብ» አለች። «እማዬ እንቁላሉን ለሷ ብቻ ሰጠቻት።»

አሮጊቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ይህንን ያልተረዳ ሰው በድንኳኑ ውስጥ አልነበረም።

ሙሉቀን ግን አልለቀቀም። «ወሬ ነው። በፊታችን ይሠራ!»

«ይሠራ» አለች ሽታዬ። «አንድ ባልዲ ከሐይቁ አምጣ። ጣሳዬን አምጪ፣ እማዬ።»

ባልዲው መጣ፤ ውሃው እንደ ኑግ ልጥልጥ ደፍርሷል። ጣሳውም መጣ። ሽታዬ ክዳኑን ከፈተች። ያ ያዋረዳት የበቆሎ ዱቄት ቁልጭ ብሎ አያት። በማንኪያ ሰፈረች፤ የማንኪያውን አፍ በጣቷ አስተካከለች፤ ቄስ ዕጣን እንደሚጨምር ቀስ ብላ በተነችው። በሕይወቷ እንደዚያ አምራ በትና አታውቅም። ዶሮዪቱ በድንኳኑ ጠርዝ ብቅ ስትል «እሽ!» ብላ አባረረቻት።

«እጅሽን አግቢ» አለቻት እህቷን፣ እንደ ታላቅ።

ፍሬሕይወት ቀና ብላ አየቻት። ክንዷን ከጋቢው አወጣች፤ ሕዝቡ አጉረመረመ። ያኔ ሽታዬ የራሷን እጅጌ ጠቀለለችና ክንዷን ከእህቷ ክንድ ጎን ባልዲው ውስጥ ነከረች። በውሃው ውስጥ የእህቷን እጅ ፈልጋ ያዘችው።

መጀመሪያ የተሰማት ቅዝቃዜው ነበር። ከጣቶቿ ተነስቶ ወደ ክርኗ፣ ከክርኗ ወደ ብብቷ እንደ ሚስማር ወጣ። ከዚያ ክብደት መጣ፤ ጣሪያ ላይ የተከመረ አመድ በአንድ ጊዜ ትከሻዋ ላይ የተናደ መሰላት። ልትጮህ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ከፍልሰታ እስከ ጥምቀት፣ በየማለዳው፣ ይህንን? ከእንቁላሉ ጋር አነጻጸረችውና አንድ እንቁላል አነሰባት።

«ጠለለ» አለች ሙንተሃ።

ጠለለ። የባልዲው ግርጌ ታየ፤ ሁለት እጆች ተያይዘው፣ አንደኛው ግራጫ፣ ሁለተኛው ግራጫ ሊሆን የጀመረ። ማን እንዳጠለለው ለይቶ ሊናገር የሚችል ሰው አልነበረም። ሙንተሃ ማንንም ሳትጠይቅ በኩባያ ቀዳችና ግጥም አድርጋ ጠጣች። አፏን ጠራርጋ ወደ ሙሉቀን ዞረች።

«የናትህን ነገር ደግሞ እኔ ልንገርህ። ሰልፉ ሰልችቷቸው ከጋሪህ በርሜል እየቀዱ ጥሬውን ነው የሚጠጡት። ዓይኔ አይቷል። ባለ ጋሪ ልጅ እያለኝ ምን በወጣኝ እሰለፋለሁ ብለውኛል።»

ሙሉቀን ሊቆጣ ፈለገ፤ ግን እናቱን ያውቃቸዋል። አንገቱን ደፋ። አቶ መክብብ ከረባታቸውን አስተካከሉና «እድሩ የሰማውን ሰምቷል» አሉ። «እህትማማቾቹን ስላስቀየምን ይቅርታ እንጠይቃለን። ሰልፉም ነገ በሰዓቱ ይሆናል።» ያ ጀሪካን ከጋሪው ወርዶ ለሙሉቀን እናት ተላከ።

ሰው ሲበተን እያንዳንዱ በሽታዬ በኩል እያለፈ «እጅሽ ይባረክ» አላት። እሷም ክንዷን በነጠላዋ ሸፍና «አሜን» አለች። ያቺ ቃል ከዚያ ወዲህ እንደ ከረሜላ አልሆነችላትም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሁለቱም ከድስቶቹ አጠገብ ነበሩ። ሽታዬ የነከረችው ክንድ የራሱ የሆነ ጥበብ አልነበረውም፤ የእህቷን እጅ ካልያዘች ውሃው እንደደፈረሰ ይቀራል። ይህንን ለብቻዋ ሞክራ አረጋግጣለች፤ አልቅሳም ነበር። እጅ ለእጅ ሲያያዙ ግን አመዱ ለሁለት ይከፈላል። ፍሬሕይወት እንደ ቀድሞው ጥርሷ አይንገጫገጭም፤ ሽታዬም በግንባሯ በኩል አንድ ነጭ ጸጉር አበቀለች።

ወይዘሮ ከበቡሽ ክዳኑን አስቀምጠው መጡና መጀመሪያ የፍሬሕይወትን እጅ አንስተው እፍ አሉላት። ሽታዬ ወደ ሐይቁ አቅጣጫ ዞራ ቆመች። ቅናት በአንድ ቀን አይለቅም። ከዚያ የሷም እጅ ተነሳ፤ ትኩስ ትንፋሽ በጣቶቿ ላይ ወረደ፤ ሽታዬም ሳትዞር ቆማ ተቀበለችው።

ቤት ሲገቡ የተቀቀለው እንቁላል በሳህን ላይ ነበር። ፍሬሕይወት ከጋቢው ጫፍ አንድ ክር መዘዘችና እንደ ድሮው ለሁለት ከፈለችው። አስኳሉ ሳይሰበር ወደ አንዱ ወገን ሄደ። ያንን ወገን ወደ እህቷ ገፋ አደረገችው።

«ያንቺ ነው፣ እታለም።»

ሽታዬ አየችው። «ተይው፤ አንቺ ብዪው» ማለት እንደሚገባት ታውቃለች፤ ታላቅ ናትና። አላለችም። አንስታ አፏ ውስጥ ከተተችው፤ ቀስ ብላ አኘከችው።

«ጨው አንሶታል» አለች።